የአርሴማ ነጭ ደብተር

ሞጣ፣ መጋቢት 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ በእናታችንም በአባታችንም ቦታ ላሉልኝ፣ ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት ታላቅ ወንድሜ፤

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? እኔና ልጅዎ አርሴማ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጎደለን የእርስዎ ድምፅ ብቻ ነው። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ባለፈው የላክኩልዎትን ቅባት ይርጋነሽ ማታ ማታ እያሸችልዎት ነው ወይስ እንደ ልማድዎ ለባሰበት ይሁን ብለው ለተማሪ ሰጡት? ሰጥተውት እንደሆነ ሌላ ልኬያለሁ፤ ይህኛው ግን ሚስትዎ እጅ እንጂ እርስዎ እጅ እንዳይገባ ይህን ደብዳቤ ለሚያመጣልዎት ሹፌር ነግሬዋለሁ። ንቦቹ ገቡ? ላሟስ ወለደች? ተማሪዎችዎ ዘንድሮ በዙ ወይስ ቀነሱ? ከወይራው ሥር ያለችው ጎጆ አሁንም ታፈስሳለች ወይስ ተከደነች? ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ እንደ ሌሎቹ አይለፏት፤ መልሷን እፈልገዋለሁ።

የምጽፍልዎትን ሁሉ በስልክ ልነግርዎት አስቤ ነበር። ነገር ግን እርስዎ ዘንድ ያለው ስልክ የሊቀ መንበሩ ነው፤ ኔትወርክ ለማግኘትም ጉብታው ላይ ወጥቶ መጮህ ነው። ይህ ደግሞ የሚጮኹት ነገር አይደለም። ስለዚህ ዛሬ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ፣ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ፣ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። አርሴማ ጓደኞቿ ዘንድ ሄዳለች። ይህን መጻፌን አታውቅም።

ወረቀትዎ ደርሶኛል። የአቶ ፋንታ አይሱዙ ሹፌር ከቢቸና ጤፍ ጭኖ ሲመለስ ሱቄ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። አቶ ፋንታ የሚሉት እህል ነጋዴው ነው። ልጁ ከአርሴማ ጋር ዘጠነኛ ክፍል ይማራል፤ የወላጆችን ፊርማ የሚያሰባስበውም አባትየው ነው። በወረቀትዎ ሁለት ነገር አዝዘውኛል። አንደኛው፣ አርሴማ ይህን ዓመት ስትጨርስ ከእኔ ቤት ወጥታ ለመንደርዎ በምትቀርበው ቢቸና ቤት ተከራይታ እንድትማር ነው። ሁለተኛው ደግሞ የፊዚክስ መምህሯ መምህር ስጦታው ከትምህርት ቤቱ ይነሣ ብለው የጻፉትን ከወላጆቹ ፊርማ ጋር እንድሰጥ ነው። "ልጄ ለዕረፍት መጥታ ደብተሯን ብገልጠው ነጭ ነው፤ ግማሽ ዓመት ሙሉ ስድስት ገጽ ያላስሞላ መምህር ምን ሲሠራ ከረመ?" ይላል ጽሑፍዎ። ሲናገሩት የሰማሁ መሰለኝ።

ጋሼ፣ ቁጣዎ ተገቢ ነው። እኔ ከእርስዎ ቀድሜ ተቆጥቻለሁ። ጥቅምት ላይ ያንኑ ደብተር ገለጥኩት። አንድ ሥዕል፣ ሁለት መሥመር፣ ከዚያ ባዶ። "ዛሬ ምን ተማራችሁ?" ብላት "ጥያቄ" አለችኝ። "መልሱስ?" "መልሱን ነገ እኛ ነን ይዘን የምንሄደው።" ይህ ሰው ልጆቹን አሠርቶ ደመወዝ የሚበላ ነው ብዬ ሳምንት ሙሉ አማሁት።

እርስዎ ያላዩት ሌላም ነገር አለ። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ፕላዝማ የሚሉት ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ትምህርቱ ከላይ በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ መምህሩ አብርቶ፣ ጥቂት አስረድቶ፣ ያጠፋል። የእነ አርሴማ ክፍል ፕላዝማ ግን ክረምት ላይ መብረቅ ከመታው ወዲህ ዝም ብሏል። ወላጁ መጀመሪያ የተናደደው በዚህ ነበር። ቴሌቪዥኑ አይናገር፣ መምህሩ አያስጽፍ፣ ልጆቹ ከማን ይማሩ?

የደረጃዋም ነገር አለ። ስምንተኛን ከእርስዎ ዘንድ ስትጨርስ አንደኛ ነበረች። ያን ካርድ ዳዊትዎ ውስጥ አድርገው ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያሳዩ እንደነበር ይርጋነሽ ነግራኛለች፤ አይካዱ። የዘንድሮው መንፈቅ ካርድ አሥራ አራተኛ ይላል። ከተማ አበላሻት ማለትዎ አይገርመኝም። እኔም አስቀምጬ ጠየቅኳት። የመለሰችልኝን ቃል በቃል ልጻፍልዎት፦ "አክስቴ፣ እዚያ ሳለሁ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። እዚህ ግን የማላውቀውን በየቀኑ ነው የማገኘው።" ይህን ስትለኝ ፊቷ ላይ ኀዘን አልነበረም። እንዲያውም ትስቅ ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም፤ በያዘችው ትቀጥል ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ ወደ ስብሰባው ልምጣ። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ጠራ። ወረቀትዎን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ሄድኩ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያይ ነበር።

መጀመሪያ የተነሣው አቶ ፋንታ ነው። "ለልጄ ደርዘን ደብተር ገዛሁለት" አለ። "የሌላው ትምህርት አልቆ ድጋሚ ገዛሁ። የፊዚክሱ ግን እንደገዛሁት ነው። ባለሱቁ መልሶ ይወስድልኝ እንደሆነ እስቲ ከመካከላችሁ የሚያውቀው ሰው ይጠይቅልኝ።" ሰው ሳቀ። ቅቤ ነጋዴዋ ወይዘሮ አገሬ ቀጠለች። "የእኔዋስ? ሥራ አዝዣት ግድግዳ እያየች ትቆማለች። ምን ሆንሽ ስላት እያሰብኩ ነው ትለኛለች። ማሰብ ምን የሚሉት የቤት ሥራ ነው? እኔም ሳስብ ነው የምውለው፤ ማን ማርክ ሰጠኝ?" ከኋላ አንዱ "አንቺማ የምታስቢው ዋጋ መጨመሩን ነው" ቢላት አዳራሹ ተናጋ። ርእሰ መምህሩ ተነሥቶ አክቲቭ ለርኒንግ ምናምን ማለት ሲጀምር አንድ ሽማግሌ በዘንጋቸው መሬቱን መታ አድርገው "ልጄ፣ እሱን ለልጆቹ ንገራቸው፤ እኛ የምንሰማው አማርኛ ነው" አሉት።

መምህር ስጦታው ከጥግ ተነሣ። ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቀጠን ያለ፣ ኮቱ ክርኑ ላይ የሳሳ ሰው ነው። እንደ እኔ ላለች ልብስ ሰፊ መጀመሪያ የሚታያት ክርኑ ነው። "ማስጻፍ ለእኔ ነው የሚቀለኝ" አለ። "ሰሌዳውን ሞልቼ ቁጭ እላለሁ፤ ልጆቻችሁም ገልብጠው ቁጭ ይላሉ። ሰኔ ላይ ሁላችንም ሳንደክም እንለያያለን።" ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ሲናገር ሰው አያይም፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጣሪያ ጣሪያውን ነው የሚያየው። አገሬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ምነው፣ ጣሪያው ላይ የተጻፈ አለ እንዴ?" አለችኝ።

ይህን ጊዜ አቶ ፋንታ እንደገና ብድግ አለ። "እኛ ያልተማርን ነን እንበል" አለ። "የቢቸናው የኔታስ? ወንበር ዘርግተው ስንቱን ሊቅ ያፈሩት? ልጃቸው እዚሁ ክፍል ናት። እሳቸው እንኳ ይነሣ ብለው ጽፈዋል። ወረቀቱን ያመጣው የእኔው ሹፌር ነው።"

መምህሩ ዓይኑን ከጣሪያው አወረደ። "የኔታ ናቸው የጻፉት?" ብሎ ጠየቀ። "አዎ፣ የኔታ" አሉት። ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተባለ፤ የሚያስቀይምም ነበረበት። እሱ ግን ዳግመኛ አልተነሣም።

ሰው ሁሉ ወረቀቱን እንዳወጣለት ወደ እኔ ዞረ። እኔ ነጠላዬን ጨበጥኩ። የዚያን ሰው አቀማመጥ አይቼ እጄ እንቢ አለኝ። "እቤት ረስቼው መጣሁ" አልኩ። በጾም መዋሸቴን ለንስሓ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ ለእርስዎም ይኸው ተናገርኩ። ርእሰ መምህሩም ፊርማው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ እንደሚታይ ተናግሮ፣ እስከዚያ ግን ከወላጅ የፈለገ ክፍል ገብቶ ትምህርቱን ይይ ብሎ በተነን።

እቤት ገብቼ ወረቀትዎን እንደገና አነበብኩት። እጅ ጽሕፈትዎ እንዴት ያምራል! ፊደሉ ሁሉ ለክብረ በዓል የተሰለፈ ካህን ይመስላል። እሱን እያየሁ አንድ ነገር መጣብኝ፤ ቢቆጡኝም ልናገረው። ጋሼ፣ እርስዎ ቅኔ ቤት ሳሉ አንዲት ቅጠል ወረቀት ነበረችዎት?

ከቅኔ ቤት የተመለሱበትን ቀን እኔ አልረሳሁትም፤ ልጅ ብሆንም ነፍስ አውቄ ነበር። በደበሎና በአኩፋዳ ወጥተው ከስንት ዓመት በኋላ በዚያው በደበሎና በአኩፋዳ ገቡ። እናታችን እግርዎን አጥባ ካበቃች በኋላ፣ እርስዎ ሲተኙ፣ አኩፋዳዎትን ገልብጣ አራገፈችው። የደረቀ ቁራሽ ወደቀ። ሌላ ምንም የለም። "ይህን ሁሉ ዘመን ምን ሲማር ኖረ? የያዘው ነገር የለም እኮ" ብላ ጓሮ ሄዳ አለቀሰች። ለጎረቤት እንኳ አፈረች። ከዚያ የግንቦት ልደታ ዕለት ከማኅሌቱ ተነሥተው ቅኔዎን ሲሰጡ አለቃ ከመቋሚያቸው ቀና ብለው "ይህን ከማን ሰማኸው?" አሉዎት። "ከማንም" አሉ እርስዎ፣ "ዛሬ ጠዋት ወንዝ ዳር ያገኘሁት ነው።" እናታችን ግእዝ አታውቅም። የሽማግሌዎቹን ፊት ግን አየች። ከዚያ ቀን ወዲህ አኩፋዳዎትን ዳግመኛ አልፈተሸችም።

ይህን የጻፍኩት ልሞግትዎት አይደለም። የእኔ ሞያ ጨርቅ መለካት ነው፤ ለእርስዎ ትምህርት ምን እንደሆነ የምነግርዎት እኔ አይደለሁም። ግን የእኛ እናት በአኩፋዳው፣ እርስዎ በደብተሩ፣ እኔም በዚያው በደብተሩ፣ ያለቀስንበት ነገር አንድ መሰለኝ።

ማክሰኞ ክፍል ገባሁ። ያን ሁሉ ካወራው ወላጅ የመጣነው እኔና አገሬ ብቻ ነን። ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡን። ሰባ የሚሆን ልጅ አለ፤ ግማሹ የለበሰው የእኔን ስፌት ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ የሣለው አንዲት እንስራ ያዘለች ሴት ነው። አገሬ "አንቺን ነው የሣለው፣ ወገብሽን እይው" ብትለኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። "ይህች ሴት ዳገት ስትወጣ ለምን ትጎነበሳለች?" ሲል ጠየቀ። አንድ ልጅ "ስለሚከብዳት" አለ፤ ሳቁበት። መምህሩ አልሳቀም። "ለምን ትስቃላችሁ? ከብዷታል። ግን ሲከብዳት ወደ ኋላ ለምን አትለጠጥም?"

ልጅዎ ተነሣች። እንስራው ወደ ኋላ ስለሚጎትታት ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ታመጣጥነዋለች አለች። መምህሩ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቅሎ "ድገሚው" አላት። ደገመችው። "ማን ያፈርስባታል?" አለ። ከመስኮቱ በኩል የአቶ ፋንታ ልጅ ተነሥቶ፣ አዎ እሱ ራሱ፣ "ቁልቁለት ስትወርድስ?" አላት። "ቁልቁለቱ ራሱ ወደ ፊት እየገፋት እንዴት ትጎነበሳለች?" አርሴማም "እሱን አላውቅም" አለች። በእኔ ዘመን ተማሪ አላውቅም ሲል አለንጋ ነበር የሚወርደው። መምህሩ ግን ደስ ያለው መሰለ። "አላውቅም ካልሽ አዝለሽ ውረጂና እይው" አላት።

ጋሼ፣ ያን ዕለት ከሰዓት የሆነውን ቢያዩ! ልጅዎ ጀሪካን ሙሉ ውኃ በገመድ አዝላ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ተዳፋት ስትወጣ፣ ስትወርድ፣ ደግማ ስትወጣ ዋለች። ጎረቤቶቼ ወጥተው "ምነው፣ ቧንቧ ቆመ እንዴ?" ይሉኛል። "ትምህርት ላይ ናት" አልኳቸው። ላብ በላብ ሆና ስትገባ "አክስቴ፣ ቁልቁለትም ላይ መጎንበስ አለ፤ ግን ያንሳል። ነገሩ የዳገቱ አይደለም፣ የእግር ነው። የእኔም የጀሪካኑም ክብደት አንድ ላይ ሆኖ ከእግሬ በላይ ካልዋለ እወድቃለሁ" አለችኝ። እኔ ስንት ዘመን እንስራ ተሸክሜ ለምን እንደምጎነበስ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አሥራ አራተኛ የወጣችው ልጅዎ ይህች ናት። ደብተሯን ገለጥኩት፤ የጻፈችው አንድ መሥመር ነው።

ጉድለት የለበትም አልልዎትም። ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉም ተነሥቶ አይናገርም። ዓይን አፋሮቹ በጓደኛ ጀርባ ሲሸሸጉ አይቻለሁ፤ ከመካከላቸው አንዷ የአገሬ ልጅ ነበረች። የከርሞው አገር አቀፍ ፈተና ደግሞ ምንም ይሁን ምን የሚጠይቀው በመጽሐፉ ያለውን ነው። ይህን ለመምህሩ ነገርኩት። አልተከራከረኝም። ዘወትር ዓርብ የሳምንቱን ጨምቆ ሊያስጽፋቸው፣ የሚያፍሩትንም ሁለት ሁለት አድርጎ ሊያናግራቸው ቃል ገባ። ባለፈው ዓርብ ጀምሯል። አርሴማ ሁለት ገጽ ጽፋ መጣች፤ ይደሰቱ።

አሁን ግን ዋናውን ልንገርዎት። ክፍሉ ሲያበቃ መምህሩ በሩ ላይ ቆመና ለልጆቹ ለነገ የሚያመጡትን ነገራቸው። ለእያንዳንዱ የራሱ ጥያቄ አለው፤ ካየው፣ ከነካው፣ ከቤቱ የሚያመጣው። ከዚያ "የትናንቱን ይዞ የመጣ እንዳይቀመጥ" አላቸው።

ጋሼ፣ ይህ ቃል የማን እንደሆነ ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ። ባሌ የሞተ ጊዜ እርስዎ ግቢ የከረምኩበት ክረምት ነበር። ከአጥሩ ጀርባ እንዝርቴን ይዤ ስቀመጥ፣ ተማሪዎችዎ በየሜዳው ለየብቻቸው ሲያጉረመርሙ ውለው ወደ ማታ ይሰበሰባሉ። እርስዎ እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ዓይንዎን ወደ ወይራው ጫፍ ሰቅለው፣ "ድገመው" ይሉ ነበር። ያፈርሱበታል፣ ያርሙታል፣ ማታ ሲያሰናብቷቸውም ያን ቃል ይሏቸዋል። አንድ ቀን አንዱ የጓደኛውን ቅኔ ይዞ መጥቶ ማምሻውን ሙሉ በእግሩ አቁመውት፣ እኔ ሰው አይደል ወይ ብዬ ወንበር ልሰጠው ስል የተቆጡኝን ያስታውሳሉ?

አንድ ስም ላነሣ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። እንዳይነሣ ብለው ነበርና ይህን ሁሉ ዓመት አላነሣሁትም። ወልደ ኪዳን፤ እርስዎ ግቢ በክርስትና ስሙ እንጂ በዓለም ስሙ የጠራው አልነበረም። ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት፣ ወንበሬን የሚተካኝ እሱ ነው ይሉት የነበረው ልጅ። በዚያ ክረምት ንዳድ ይዞት አጥሚት እያፈላሁ ያጠጣሁት እኔ ነበርኩ። መስከረም ጠብቶ አንድ ማለዳ ደበሎውን አጣጥፎ ከወይራው ሥር ካለችው ጎጆው ጥሎ፣ አስኳላ እማራለሁ ብሎ ወደ ቢቸና ሄደ። እርስዎ ስሙ እንዳይጠራ ከለከሉ። ጎጆዋን ግን ለሌላ ተማሪ አልሰጡም። ታፈስሳለች አሉ። በኋላ ሌሎች ጎጆዎች ሲከደኑ እሷን ለምን አይከድኗትም ቢሉዎት ሣር አለቀ አሉ። አንድ ጠዋት ግን ወለሏን ሲጠርጉ በዓይኔ አይቼዎታለሁ። አልነገርኩዎትም እንጂ።

ወደ ትምህርት ቤቱ በር ልመለስ። አገሬ ወደ ገበያዋ ቀድማኝ ሄዳለች። ከመምህሩ ጋር ስለ ዓርቡ ነገር ተነጋግረን ስንጨርስ "ልጅቷን ታጠብቅባታለህ አሉ" አልኩት። እውነቴን ነው። መስከረም ላይ ስሟን ሲጠራ የአባቷን ስም ሁለት ጊዜ እንዳነበበው፣ ከዚያ ወዲህ ከሌላው ይልቅ እሷን እንደሚያስደግም አርሴማ ነግራኛለች። "አዎ" አለኝ፣ "አጠብቃለሁ።" ሌላ አልጨመረም። ልሄድ ስል ጎንበስ ብሎ "ደህና ይዋሉ፣ እታለም" አለኝ።

ሞጣ ውስጥ እታለም የሚለኝ የለም፣ ጋሼ። እዚህ እትዬ ነኝ፤ ለትንንሾቹ ደግሞ እማማ። እታለም የምባለው እርስዎ ግቢ ብቻ ነበር።

ዞር ብዬ አየሁት። ስለ ፊርማው አላነሣም። ወረቀትዎን ሰጥቼ እንደሆነ አልጠየቀኝም። እንዳልሰጥም አልለመነኝም። ጣሪያ የለም፣ ሰማዩን እያየ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። "ከወይራው ሥር ያለችው ጎጆ አሁንም ታፈስሳለች?" አለኝ። አላውቅም፣ ወንድሜን ጽፌ እጠይቃቸዋለሁ አልኩት። ይኸው ጠየቅኩዎት።

ወረቀትዎ በስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። አልሰጠሁትም፤ አልቀደድኩትምም። ቃሉ የእርስዎ ነው፣ ልጅቷም የእርስዎ ናት። ስጪው ካሉኝ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ በሰኞው እሰጣለሁ፤ አቶ ፋንታ ይደሰታል፣ መምህሩም ወደ ተላከበት ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። አርሴማንም ሰኔ ላይ ዕቃዋን ሸክፌ እልክልዎታለሁ፤ እያለቀስኩ እልካታለሁ እንጂ ትእዛዝዎን አላፈርስም። ስለ ወረቀቱ ከመወሰንዎ በፊት ግን ስለ ጎጆዋ ይመልሱልኝ። ሹፌሩ ሐሙስ ወደዚህ ይመለሳል። በቃል ይንገሩት፣ ይበቃል።

ተከድናለች ካሉኝ ገባኝ፤ ሁለተኛ አላነሣውም። አሁንም ታፈስሳለች ካሉኝ ግን በፋሲካ ሳምንት አርሴማን ይዤ እመጣለሁ። ጣሪያ መክደን የሚችል ሰውም አብሮን ይመጣል። ይርጋነሽ እንጀራውን አብዝታ ትጋግር።

ለእርስዎ ከቅባቱ ጋር ጫፉን ደግሜ የሰፋሁት ጋቢዎት አለ፤ ለይርጋነሽ ነጭ ክርና መርፌ፣ ለተማሪዎችዎ ደግሞ አንድ ጆንያ ሽምብራ። አርሴማ ጉልበትዎን ትስማለች። ባገኘችው የማታውቀው ነገር ሁሉ እንድትስቅ እግዚአብሔር ይርዳት።

ለትንሣኤው በሰላም ያድርስዎት። ዓይንዎን ከብርሃኑ፣ ጉልበትዎን ከኃይሉ አያጉድልብኝ። በሄዱበት ሁሉ የእናታችን ምርቃት ይከተልዎት። ደጅዎ የመጣውን ሁሉ የሚያስገባ፣ የሄደውንም የሚመልስ ይሁን።

አጥሚት አፍይዋ ታናሽ እህትዎ